ውኃው ወደ ምስር ይሄዳል፦ ከሽሮ ሜዳ እስከ ደርባ

ክረምት ሲወጣ እንጂ ሲገባ የሚከበር በዓል የለንም። እንቁጣጣሽም፣ መስቀልም፣ ኢሬቻም የሚውሉት ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ መጥራት ሲጀምር ነው። ክረምቱ ሲገባ የምናደርገው ነገር ቢኖር የሚያፈስ ጣሪያ ማስጠገን፣ አሸንዳ መጥረግና ከሰሉ ሳይረጥብ አስቀድሞ መግዛት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሰኔ 26 ቀን ዘመነ ክረምትን በማኅሌቷ ትቀበለዋለች፤ ከቅጥሯ ውጭ ግን ቀኑን ቆጥሮ የሚጠብቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። እኔም ብሆን ካደግሁ ወዲህ ጠብቄው አላውቅም ነበር።

በልጅነቴ ግን ከእንቁጣጣሽ የሚበልጥ በዓል ነበር። በዓሉ የሚጀምረው ሰኔ ሲያልቅ ካርዳችንን ተቀብለን፣ «ወደ 5ኛ ክፍል ተዛውሯል» የሚለውን ጽሕፈት ሁለት ሦስት ጊዜ አንብበን ከትምህርት ቤቱ በር ስንወጣ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሥርዓቱም ያለቁ ደብተሮችን ገንጥሎ የወረቀት ጀልባ መሥራትና በሰፈሩ ቦይ ላይ መልቀቅ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የእንግሊዝኛ መምህራችን «ሰመር ማለት በጋ ነው» ብለው ስላስተማሩን፣ በበጋ እያረፉ ክረምቱን ሙሉ ይማራሉ የተባሉት የፈረንጅ ልጆች እጅግ ያሳዝኑን ነበር። መምህራችን ራሳቸው ዝናቡ ሲጀምር ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚማሩትን ትምህርት «ሰመር» እያሉ ይጠሩት እንደነበር ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ዘንድሮ ልጄ 5ኛ ክፍልን ጨረሰች። ካርዷን የተቀበልነው ሰኔ 25 ቀን ሲሆን፣ ሐምሌ ላይ ለማጠናከሪያ ትምህርት ስለተመዘገበች በእጃችን የነበረው ጥቂት ቀን ነው። ከመሥሪያ ቤቴ የሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ ቅዳሜና እሑድን ጨመርኩበትና እኔ ክረምትን ባሳለፍኩበት መንገድ ልወስዳት ወሰንኩ፦ ከተወለድኩበት ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ማዶ አያቴ ይኖሩበት ወደነበረው ሱሉልታ፣ ከዚያም ልጅ ሳለሁ በወሬ ብቻ ወደማውቀው የሙገር ገደል። እናቷ «በዚህ ዝናብ?» ከማለት በቀር አልተቃወመችም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. — ሽሮ ሜዳና እንጦጦ

ከሰሚት ሽሮ ሜዳ ድረስ ስላለው የጠዋት መንገድ የምለው የለኝም፤ የከተማችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። የሐበሻ ልብስ ሻጮች ነጠላና ቀሚሱን ወደ ውስጥ ሰብስበው በደጃፋቸው ላይ ላስቲክ ወጥረዋል። ከመንገዱ ዳር ቦቲ ጫማ የምትሸጥ ሴት አገኘንና ለልጄ አንድ ጥንድ ጠየቅን። 750 ብር ብላ 650 ላይ ተስማማች። ሻጯ የልጄን እግር አየት አድርጋ፣ «ሁለት ቁጥር አብልጠው ይግዙላት፣ ለከርሞም ይሆናታል» አለችኝ። ምክሩ የእናቴን ምክር ስለመሰለኝ ሳላወላውል ተቀበልኩ፤ ዋጋውን በማግሥቱ ከፈልን።

እኛ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቦቲ አልነበረንም። የነበረን ኮንጎ የምንለው የላስቲክ ጫማ ሲሆን፣ ውኃ ሲገባበት በየእርምጃው እንደ እንቁራሪት ይጮኽ ነበር። ይህን ለልጄ ስነግራት ጫማ እንዴት እንደሚጮኽ በአፌ እንዳሳያት ጠየቀችኝ፤ በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አሳየኋት።

ታክሲ ትተን በእግራችን ወጣን። መንገዱ አስፋልት ነው፤ በእኛ ጊዜ ግን አህያና የጎርፍ ውኃ እኩል የሚጋሩት ኮረት ነበር። ያልተለወጡት እንጨት ተሸካሚ እናቶች ናቸው። ከቁመታቸው የሚረዝም የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው፣ ጎንበስ ብለው፣ እርጥቡን አስፋልት በባዶ እግራቸው ወይም በነጠላ ጫማ እየረገጡ ይወርዳሉ። ልጄ መንገድ ልትለቅላቸው ወደ ቦዩ ስትገባ አንዷ ቀና ሳይሉ «ተባረኪ» አሏት።

እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ይላል፤ ከታች ካፊያ የነበረው እላይ ስንደርስ ጉም ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት እንጦጦ ማርያም ከጉሙ ውስጥ ብቅ ያለችው በሩ ላይ ከደረስን በኋላ ነበር። ከተማው ወደ ፍል ውኃ የወረደው ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1879 ዓ.ም. ነው። በሰኔ መጨረሻ እዚህ ቆሞ ለአንድ ሰዓት የተንቀጠቀጠ ሰው እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃውን ለምን እንደመረጡ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ በረዶ ጣለ። ከአንዲት ሻይ ቤት ቆርቆሮ ሥር ተጠግተን ሳለ ልጄ የኮዳዋን ክዳን ወደ ውጭ ዘርግታ የሽምብራ ፍሬ የሚያህሉ በረዶዎች ሞላችና ወደ አፏ ጨመረች። «ቆሻሻ ነው» ልል አፌን ከከፈትኩ በኋላ ተውኩት፤ እኔ በዚህችው ተራራ ግርጌ በጣሳ እየሞላሁ በልቻለሁና። ሁለት ሻይና አንድ ቁራሽ አምባሻ 70 ብር ከፈልን። ሻይ ቤቷ ውስጥ የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ «በረዶ የበላ ልጅ ክረምቱን አይታመምም» አሉ። ከየት እንዳመጡት ባላውቅም ለእናቷ የማቀርበው መከላከያ ስላገኘሁ ደስ አለኝ።

በረዶው ሲያቆም ወደ ተራራው ጀርባ ሄድን። ለልጄ ላሳያት የፈለግሁት ነገር ለዓይን ምንም አይደለም፤ ባሕር ዛፍ፣ ሣርና ጉም ብቻ ነው። ሆኖም ይህ ጀርባ ውኃ የሚለያይበት ነው። በደቡቡ በኩል የወደቀ ዝናብ በቀበናና በመሰሎቹ ወንዞች ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በሰሜኑ በኩል የወደቀው ግን በሱሉልታ ሜዳ አድርጎ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ አባይ ይወርዳል። ልጄ ይህን ሰምታ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና የኮዳዋን ውኃ ግማሹን ወደ ከተማው፣ ግማሹን ወደ ሱሉልታ አፈሰሰች። የምንጠጣው ውኃ ያ ብቻ ነበር።

አያቴ ይህንኑ ነገር የነገሩኝ በሌላ ቋንቋ ነው። በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ሽሮ ሜዳ መጥተው ይወስዱኝና ተራራውን በእግር እናቋርጥ ነበር። ጀርባው ላይ ስንደርስ ዕቃቸውን አስቀምጠው፣ በመቋሚያቸው ወደ ሰሜን እያመለከቱ፣ «ከዚህ ወዲያ ያለው ውኃ ሁሉ ወደ ምስር ነው የሚሄደው» ይሉኛል። ምስር የግብፅ ስም መሆኑን ማን ነገረኝ? ለሁለት ክረምት ያህል ውኃው ሁሉ ወደ አንድ ትልቅ የምስር ማሳ እንደሚሄድ፣ የምንበላው የምስር ወጥም ከዚያ እንደሚመጣ አምኜ ኖሬያለሁ። ጀልባ ስለቅም በውስጡ ለገበሬው ሰላምታ እጽፍ ነበር።

ያን ቀን ያደርነው ሽሮ ሜዳ፣ ታላቅ እኅቴ ዘንድ ነው። ማታ ዜና ስንሰማ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ግንባታ መጠናቀቁን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መናገራቸው ተነገረ። ልጄ ከእራቷ ቀና ብላ፣ «የዛሬው ውኃዬ እዚያ ይደርሳል?» አለች። ሙገር ከአባይ የሚገናኘው ከግድቡ በላይ ነው፤ ስለዚህ ይደርሳል አልኳት። «ግማሹ» ብላ አረመችኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 27 — ሱሉልታ

ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ በሰው 60 ብር አስከፈሉን። ዝናብ ባይሆን ከዚያ ያነሰ እንደነበር ከጎኔ የተቀመጡ ሴትዮ ነገሩኝ፤ ረዳቱ ደግሞ፣ «እናቴ፣ ዝናቡን እኔ አላዘነብኩትም» ብሎ መለሰላቸው። ሽቅብ እየወጣን ሳለ የመኪናው ዝናብ መጥረጊያ ቆመ። ሰኔና ሰኞ ማለት ይህ ነው፤ ጉሙ የተፋፋመው በዚያችው ደቂቃ ነበር። ረዳቱ በመስኮት እስከ ወገቡ ወጥቶ መስታወቱን በጨርቅ እየወለወለ፣ ሾፌሩ በአፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ተሳፋሪውም የየራሱን ታቦት እየተማጸነ አናቱን አለፍን። ማዶ ስንወርድ ጉሙ እንደ መጋረጃ ተገለጠና የሱሉልታ ሜዳ ታየ።

ሜዳው እኔ የማውቀው ሜዳ ነው ብል እዋሻለሁ። በዚያን ጊዜ ከመንገዱ ግራና ቀኝ እስከ ኮረብታው ድረስ ሣር ብቻ ነበር፤ ክረምት ሲበረታ ውኃው ይተኛበትና ከብቶቹ እስከ ጉልበታቸው ጠልቀው ይግጡ ነበር። ዛሬ የታሸገ ውኃ ፋብሪካ፣ መጋዘን፣ ገና በቆርቆሮ የታጠረ መሬትና ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ መንገዱን ይዘውታል። ከእነርሱ ጀርባ ግን ሜዳው አሁንም አለ፤ አሁንም ውኃ ይተኛበታል።

አክስቴ የሚኖሩት ከዋናው መንገድ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ በአያቴ ይዞታ ላይ ነው። ባጃጅ በ150 ብር ተስማማን። ግማሽ መንገድ ላይ የኋላ ጎማው ጭቃው ውስጥ ተቀበረ። ወርጄ ገፋሁ። ልጄም ልታግዘኝ ወረደችና ሦስተኛ እርምጃዋ ላይ እግሯ ሲወጣ ቦቲው ቀረ። ሁለት ቁጥር አብልጬ በመግዛቴ የደረሰ ነው። ቦቲውን በእጄ ቆፍሬ ሳወጣ ባጃጁ በራሱ ጊዜ ተነቀለና እኔን ከአናቴ እስከ እግሬ በጭቃ ለበጠኝ። ሾፌሩ ስንደርስ «መንገዱን አዩት» ብሎ 50 ብር ጨምርልኝ አለ፤ የገፋሁት እኔ ብሆንም ሰጠሁት።

አክስቴ ከደጃፋቸው ሆነው ሲያዩኝ መጀመሪያ አላወቁኝም። «ማነው ይሄ ጭቃ ሠራተኛ?» አሉ፤ ከዚያ በአማርኛም በኦሮምኛም እየባረኩ አንገቴን አቀፉ። ልጄን ደግሞ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጠው እግሯን በሞቀ ውኃ አጠቡላት። የሐዋርያት ጾም ገና ስለነበር የቀረበልን ሽሮና የድንች ወጥ ነው። አክስቴ ሦስት የሚታለቡ ላሞች አሏቸው፤ ጠዋት የታለበውም ወተት እዚያው በማሰሮ ተቀምጧል። ለልጄ አንድ ኩባያ ሙሉ ቀድተው፣ «ከመንገድ የመጣ ልጅ ይጠጣል» አሉ። ለእኔ አልቀዱልኝም፤ መጾም አለመጾሜንም አልጠየቁኝም።

ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። እኛ የምንኖረው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ከላያችን ሌላ ቤት ባለበት ነውና ዝናብ መዝነቡን የምናውቀው በመስኮት ስናይ ነው። የአክስቴ ቤት ቆርቆሮ ግን ንግግር የሚያስቆም ነበር። ልጄ ጆሮዋን ይዛ ሳቀች። እኔ ደግሞ ይህ ድምፅ የአያቴ ቤት ትዝታ መስሎኝ ዓይኔ ሊረጥብ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ የአያቴ ቤት ሣር ክዳን ነበር፣ ሣር ክዳን ደግሞ ዝናብን ድምፅ አልባ አድርጎ ይውጠዋል። የምናፍቀው ድምፅ የሽሮ ሜዳው የእናቴ ቤት ነው። ትዝታ ዕቃ ሲያጓጉዝ እንዲህ ያቀላቅላል።

የአያቴን ቤት በትክክል የማስታውሰው በግድግዳው ነው። ጭቃው በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ተለብጦ ስለነበር ዝናብ ያገደን ቀን ሥራዬ ግድግዳ ማንበብ ነበር። አንዳንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ስለተለጠፈ ተዘቅዝቆ የተጻፈ ፊደል ማንበብን ከየትኛውም የክፍል ጓደኛዬ በፊት ቻልኩ። ከአልጋው ራስጌ አንድ የእግር ኳስ ዜና ነበር፤ ጋዜጣው ከመካከሉ በጭስ ስለጠቆረ ውጤቱን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ሁሉም መልካም ነበር አልልም። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁሌም እያለቀስኩ ነበር የማድረው፤ ቁንጫውም፣ ጭሱም፣ የሐምሌው ጨለማም ለከተማ ልጅ ይከብዳል። የማዳበሪያ ከረጢት አንዱን ጥግ ወደ ሌላው አስገብቼ እንደ ቆብ ደፍቼ ጥጆች እጠብቅ ነበር። አንድ ዓመት ከጎረቤት ጊደር ጎርፍ ሲወስዳት ከማዶ ቆሜ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ወደ ወንዝ አልቀረብኩም። ኦሮምኛዬ ግን ከሰፈሩ ልጆች ጋር ስጫወት እየተቃና ሄዶ፣ ጳጉሜን ላይ አያቴን በኦሮምኛ እስከ መከራከር እደርስ ነበር። ከዚያ ከተማ እመለሳለሁ፤ ጥር ሲመጣ ግማሹ ይጠፋል፤ በሰኔ እንደገና ከ«አካም» እንጀምራለን።

ዝናቡ ሲያባራ ልጄ ከቦርሳዋ የሒሳብ ደብተሯን አወጣች። ሌላ እንድትመርጥ ብነግራት፣ «ሒሳብ ነው መሄድ ያለበት» አለች። ገጹን እያገላበጠች አንድ ወረቀት መርጣ ገነጠለችና ጀልባውን እኔ አጠፍኩላት፤ ጣቶቼ ሳልጠይቃቸው አስታወሱት። በጎኑ ላይ በእስክሪፕቶ «ለሕዳሴ ግድብ» ብላ ጻፈች። አክስቴ ነጠላቸውን ተከናንበው ከኋላችን ተከተሉ። ጀልባው በአጥሩ ሥር ባለው ቦይ ሠላሳ እርምጃ ያህል ቀጥ ብሎ ሄደና ከእግረኛ መንገዱ ሥር ወዳለው ቱቦ ገባ። በማዶ ሄደን ብንጠብቅ አልወጣም። ልጄ ሌላ ልትገነጥል ስትል ዝናቡ ቀጠለ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28 — ጫንጮና ደርባ

ንጋት ላይ ወደ ዋናው መንገድ ስንወጣ ሯጮች አገኘን፤ በጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የጫማቸው ድምፅ፣ ቀጥሎ ትንፋሻቸው፣ በመጨረሻ ራሳቸው ይመጣሉ። ሱሉልታ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ሜዳ ያሠራባት የአትሌቶች አገር ናት። በልጅነቴ በዚህ ሰዓት በዚህ መንገድ የሚሮጥ ሰው ቢኖር ከብት የጠፋበት ብቻ ነበር።

ጫንጮ በ50 ብር ደረስን። ቁርሳችን በያይነቱ ነበር፤ 140 ብር ሆኖ ለሁለታችን በቃ፣ ጎመኑም ከከተማው ይለያል፤ ከጓሮ ተቀንጥሶ ወዲያው የተሠራ ነው። አስተናጋጇ ወዴት እንደምንሄድ ጠይቃን ደርባ ስንላት በመስኮት ሰማዩን አየችና «እሺ» አለች። የ«እሺ»ዋ ትርጉም የገባኝ ኋላ ነው።

የደርባ መንገድ የሲሚንቶ መኪናዎች መንገድ ነው። አንዱ ተሳቢ በሄደ ቁጥር ሚኒባሳችን ዳር ይዞ ይቆማል፤ መስኮቱ ላይ የሚረጨው ጭቃ አመድማ ነው። በሰው 80 ብር ከፍለን ከወረድን በኋላ ወደ ገደሉ አፋፍ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ተራመድን። የሙገር ሸለቆ ከዚያ ይጀምራል፤ ከደጋው ሜዳ የተሰበሰበው ውኃ በክረምት በፏፏቴ ወደ ታች የሚወረወርበት ነው። እኛ ያየነው ግን ጉም ነው። ከእግራችን በታች ያለው ዓለም በሙሉ በጥጥ የተሞላ ይመስል ነበር። ድምፁ ብቻ ይሰማል፤ ሩቅ ያለ፣ የማያቋርጥ፣ ከመሬቱ ውስጥ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ።

ከብት የሚጠብቅ የአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ልጅ ላስቲክ ተከናንቦ መጣ። አማርኛው ከእኔ የዛገ ኦሮምኛ ይሻላል፤ ሁለቱን እያቀላቀልን ተግባባን። «ዛሬ ፏፏቴው ይሰማል እንጂ አይታይም» አለን። ወደ አፋፉ እንዳንጠጋ ልጄን በክንዷ ይዞ ወደ አንድ ድንጋይ ወሰደንና እዚያ እንድንጠብቅ አደረገ። ስንጠብቅ ልጄ ስንተኛ እንደወጣ ጠየቀችው። ከክፍሉ ሦስተኛ ነው። እርሷ 14ኛ ናት፤ ስለዚህ ወሬውን ወደ ከብቶቹ አዞረችው። ክረምቱን ምን ያደርጋል? ይጠብቃል፣ ያርማል፣ ዝናብ ሲያግደው ታላቅ ወንድሙ የተማረበትን የ7ኛ ክፍል መጽሐፍ ያነባል። እርሷስ? «ማጠናከሪያ» አለች። ቃሉን ልተረጉምለት ሞከርኩ፤ ትምህርት ተዘግቶ ትምህርት የሚሄዱበት ምክንያት ግን ሊገባው አልቻለም፤ እኔም አጥብቄ ላስረዳው አልቻልኩም።

ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ነፋስ መጣና ጉሙ ከአንድ ጎን ተቀደደ። ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ነው። ከማዶ ጥቁር ድንጋይ ግድግዳ፣ በእርሱም ላይ እንደ ነጠላ ጥለት ቀጭን ሆኖ የተንጠለጠለ ነጭ ውኃ ታየ። ከበታቹ ባለው ሣራማ እርከን ላይ ጭላዳዎች ተኮልኩለው ጀርባቸውን ለዝናቡ ሰጥተዋል። ልጄ ስልኬን ተቀብላ ልታነሣ ስትል ስልኩ ረጥቦ ጣቷን አልታዘዝ አለ። ሲከፈትላት የተነሣው ፎቶ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፤ አሁንም አላጠፋነውም።

ለእረኛው 100 ብር ሰጠነው። አልቀበልም ብሎ ሁለት ጊዜ ካፈገፈገ በኋላ ተቀበለና ለልጄ ከኪሱ የባቄላ ቆሎ ዘገነላት። ቆሎውን እስከ ጫንጮ ድረስ አንድ በአንድ እየቆጠረች በላች። ማታ አክስቴ ዘንድ ስንመለስ የበላነው ሽሮ፣ የተኛነው ደግሞ ሳንነጋገር ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 29 — መመለሻ

አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ጠብቀን ቡና ጠጣን። ስንነሣ ጎመን፣ ድንችና በሁለት ሊትር ፕላስቲክ ወተት ጨመሩልን። «ይኼ ለእናቷ ነው፤ አንተ ጾመኛ ነህ» አሉኝ፤ አሁንም ያልጠየቁኝን።

ሱሉልታ መናኸሪያ አጠገብ በቆሎ የምትጠብስ ልጅ ነበረች። ገና የበቆሎ ጊዜ አይደለምና ከየት እንደመጣ ብጠይቃት፣ «ከዝዋይ፣ የመስኖ ነው» አለችኝ። አንዱ 50 ብር ነው። በልጅነታችን በቆሎ የሚጠበሰው ሐምሌ ሲጋመስ፣ ከአጥር ሥር ተሸልቅቆ ነበር፤ ይኼኛው ደረቅ ቢሆንም እጅ ያሞቃል። በሚኒባሱ ውስጥ ግማሹን ሳትጨርስ ልጄ እንቅልፍ ወሰዳት። የዚህኛው መኪና መጥረጊያ ይሠራ ነበር። አናቱን አልፈን ወደ ከተማው ማዘቅዘቅ ስንጀምር ውኃው ከአስፋልቱ ጋር አብሮን ወደ አዋሽ ይወርድ ነበር፤ ልቀሰቅሳት አስቤ ተውኩት።

ሰኞ ማታ አክስቴ ደወሉ። በደህና መግባታችንን ከጠየቁ በኋላ፣ «ጀልባችሁን አገኘሁት» አሉ። ከቱቦው ማዶ ሣሩ ላይ ተሰክቶ ኖሯል። «ላነሣው ጎንበስ ስል ጥጃው ቀደመኝ።»

ልጄ ስልኩን ተቀበለችኝ።

«ሙሉውን በላው?»

«ሙሉውን፣ የኔ ልጅ።»

ጥቂት አሰበችና ስልኩን መለሰችልኝ። «ክፍልፋይ የተማርንበት ገጽ ነበር» አለችኝ።